ውጊያው የተቆረጠበት ፊልም

«ጦርነቱን ቆርጣ ነው የሸጠችልን! ወላሂ በልታብናለች!»

ረቢያ ይህን የሰማችው መስኡዳ ሻይ ቤት በር ላይ ቆማ አራት ፓስቲ በወረቀት ስታስጠቀልል ነው። ገና ከጧቱ ሁለት ሰዓት አልሞላም። የሐይቅ ከተማ ሰው ቁርሱን ሳይበላ ሐሜት አይጀምርም ብላ ታስብ ነበርና ትንሽ ደነገጠች። ድምፁ የሀሚዱ ነው። ሀሚዱ ባጃጅ ይነዳል፤ የባጃጁ ጡሩምባ ከተበላሸ ሁለት ዓመት ቢያልፈውም ጉሮሮው ስለሚበቃው አስጠግኖት አያውቅም። አሁን ሻይ ቤቱ መሃል ቆሞ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ረቢያ ስለሸጠችውና ትናንት ከሰዓት በመስኡዳ ቴሌቪዥን ስላዩት ፊልም ላየውም ላላየውም ይመሰክራል። «ሰውዬው ጫማውን ያስራል። እሺ። ጠመንጃውን ያነሳል። እሺ። ‹ዛሬ ወይ እነሱ ወይ እኔ› ይላል። እኛም ሻያችንን አስቀምጠን እንጠብቃለን። ቀጥሎ የምናየው ምንድን ነው? ቁስሉን ሲያሳጥብ! ማን መታው? የት ላይ ተመታ? ስንቱን ጣለ? የለም! አራት ጊዜ እንዲህ አደረገችን። አራት ውጊያ ነው የጎደለው፤ ቆጥሬዋለሁ!»

ሻይ ቤቱ አጉረመረመ። ጥግ ይዘው ሻያቸውን የሚያማስሉት አያ ከበደ፣ የዓሣ ማኅበሩ ጡረተኛ ዘበኛ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አያ ከበደ ጉሮሯቸውን ከጠረጉ ነገሩ ሽምግልና ገባ ማለት ነው፤ በዚህ ሰፈር የጠፋ በግም፣ የተጣሉ ባልና ሚስትም፣ ያለቦታው የተደፋ እጣቢም በእሳቸው በኩል ነው የሚያልፈው። «ከአስር ሶላት በኋላ እዚሁ እንቀመጣለን» አሉ። «ልጅቷ ትምጣ፣ አባቷም ይምጣ፣ ተርጓሚውም ይምጣ። ግማሽ በግ አርዶ ሙሉ ነው ብሎ የሸጠ ካለ ይዳኛል።» መስኡዳ ከምድጃዋ ቀና ሳትል፣ ሻይ ከፊልም ጋር ሃያ ብር ማስከፈሌን አልክድም፣ የሻዩን አሥር ብር ግን አልመልስም፣ ሻዩ ሙሉ ነበር አለች። ረቢያ ፓስቲዋን ይዛ በጓሮ በኩል ሹልክ አለች። ሽምግልናውስ ግድ የለም፤ ሆዷ የገባው አንድ ነገር ነው፦ ተርጓሚውም ይምጣ። ተርጓሚው ታናሽ ወንድሟ ማህዲ ነው።

ሱቋ ከደሴ ወልዲያ መንገድ ዳር፣ በበርበሬ ወፍጮና በጎማ ጠጋኝ መካከል የተሰነቀረች፣ ሁለት ሜትር በሦስት የሆነች ክፍል ናት። ረቢያ ሰባት ዓመት ጅዳ ላይ የሰው ቤት ሠርታ፣ ለውጥ መጥቷል፣ ወደ አገራችሁ ግቡ በተባለበት ዓመት ገባች። ሻንጣዋ ውስጥ የአሠሪዎቿ ልጅ ሰልችቶት የጣለው ፕሌይስቴሽን ነበረበት። በሱ ጌም ቤት ከፈተች። ለውጡ የት እንደደረሰ ባታውቅም ጌም ቤቱ ግን ይሞላ ነበር፤ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ወታደር የሆነው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ከሁሉ ጎበዙ ዑበይዱላህ የሚባል ልጅ ነበር፤ ያሏትን የዘማች ጌሞች አንድ በአንድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨርሶ «ሌላ የለሽም?» ይላት ነበር። ከዚያ እውነተኛው ጦርነት መጣና ጌሙን የሚያውቁት ልጆች አንዱ ጅዳ ገባ፣ አንዱ ዘመተ፣ ዑበይዱላህ ደግሞ ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ከተማው ሊያዝ ሲል ረቢያ ማሽኑን ከሁለት ጆይስቲክ ጋር የጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀብራ ወጣች። ብልጠቷ ግማሹ ሠራ። ዘራፊዎቹ የፈለጉት ጤፉን ኖሮ ማሽኑን ወለሉ ላይ አስቀርተው ጆንያውን ይዘው ሄዱ። ከጆይስቲኮቹ አንዱ ጠፋ፣ አንዱን ረግጠውታል። የተረገጠው መራመጃው ተሰብሯል፣ መተኮሻው አይሰማም፤ የምትሠራው «እሺ» የምትለዋ ቁልፍ ብቻ ናት። ደሴ ሄዳ አዲስ ስትጠይቅ ስምንት ሺህ ብር አሏት፤ አላህ ይስጥልኝ ብላ ወጣች። በአንዲት እሺ ቁልፍ ምን ይሠራል? ብዙ ይሠራል። ጌሙ ውስጥ በየውጊያው መሃል ሰዎቹ ቆመው የሚያወሩበት፣ የሚላቀሱበት፣ የሚካካዱበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ተጫዋቹ እጁን ያሳርፋል፣ ማሽኑ ራሱ እንደ ፊልም ያሳየዋል። ጌሙ አንዴ ካለቀ ደግሞ እነዚያን ቦታዎች ብቻ እሺ እያሉ በተራ ማየት ይቻላል፣ ዑበይዱላህ ደግሞ ጨርሶታል። ረቢያ ሁሉንም ወደ ላፕቶፗ ቀዳች፣ ቀጣጠለች፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ የሚሆን ነገር ወጣላት። ማህዲ በአማርኛ ተረጎመው። በሚሞሪ ካርድ በአሥር ብር መጫን ጀመረች። ሰዎቹ ፊታቸው ትንሽ ፕላስቲክ ይመስላል ያለች አንዲት ሴት ነበረች፤ ባሏ «ፈረንጅ ቅባት ሲቀባ እንዲያ ነው» ብሎ ዘጋው።

እንግዲህ ስለ ማህዲ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ድምፁ ወፍራም ነው፤ በአሥራ አራት ዓመቱ ስልክ ሲያነሳ ሰው አባቱ መስሎት «አያ እንድሪስ» ይለው ነበር። የቤቱ ወሬኛም እሱ ነበር፤ እናታቸው በሕይወት ሳሉ ዝም ለሚልበት ለእያንዳንዱ ሰዓት ብር እንሰጥሃለን ይሉት ነበር፣ አንድም ቀን አልተከፈለውም። ሰው ሁሉ እግሬ አውጪኝ ብሎ ሲወጣ በግርግሩ ከነረቢያ ተለየ። አምስት ሳምንት የት እንደነበረ ሳይታወቅ፣ ሁሉም ሲመለስ እሱም ከስቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ በቀን የሚናገረው ሦስት ቃል ነው፦ አዎ፣ አይ፣ እንጃ። ሐኪም አየው፣ ሼህ ዱአ አደረጉለት፣ ሦስቱ ቃል አራት አልሆኑም። ረቢያ ፊልሙን ተርጉም ያለችው እንዲያው አፏ እንዳመጣላት ነው። እሱ ግን ማይኩን ይዞ የሱቁ ጓዳ ገባ፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሙሉ ተናገረ፤ የጀግናውን፣ የጠላቱን፣ የጀግናውን እናት፣ የፈረሱን ማስነጠስ ሳይቀር። ረቢያ ከብርድ ልብሱ ማዶ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አሁን ሦስተኛው ጌም ላይ ደርሰዋል። ሽማግሌዎቹ ፊልሙን ካስቆሙት ያ ድምፅ ተመልሶ እንደሚዘጋ ታውቃለች። የሚያስጨንቃት እሱ ነው እንጂ አሥር ብሩማ አሥር ብር ነው።

አባታቸው እንድሪስ የልጁን ዝምታ ባዶ አልተዉትም፤ ሞሉት። «ልጄ አምባሰል ተራራ ላይ ነበር» ብለው ጀመሩ። በመጀመሪያው ወር ማህዲ ጠመንጃ ተኮሰ። በሁለተኛው መትረየስ ማረከ። ለረመዳን መድፍ መጣ፣ ለአረፋ መድፉ ሁለት ሆነ። ይህን ሁሉ ማህዲ ባለበት ነው የሚያወሩት፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ የእንጀራውን ጠርዝ እየቆረሰ ያዳምጣል። ረቢያ አንዳንዴ መድፉን ማቆም ያምራት ነበር። ግን ሽማግሌው ሲያወሩ ጀርባቸው ቀና ይላል፣ ሳላቸው እንኳ ይተዋቸዋል፤ ስለዚህ ተወችው።

ረፋዱ ላይ አክስቷ ሲቲ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር መጡ። የገበያ ቀን በመጡ ቁጥር ዶሮዎቻቸውን ሸጠው ሱቁ በር ላይ ያርፋሉ። ጫማቸውን አውልቀው አቧራውን አራገፉና እንደ ልማዳቸው ጠየቁ፤ «ምራቴ እንዴት ናት?»

«አክስቴ፣ ምራት እኮ የለሽም። ሙሐዲን መቼ አገባና?»

«አለችኝ እንጂ! ደህና ናት? ወፈር አለች?» ከቅርጫታቸው አንድ እፍኝ እሸት ባቄላ አውጥተው በወረቀት አስቀመጡ። «ይችን ስጪልኝ። ስትጠብስ እንዳታሳርረው በያት፤ ምድጃ ላይ እጇ አይረባም።»

ረቢያ ልቧ ቅር አለው። ልጃቸው ሙሐዲን ጅዳ ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ሚስት ቀርቶ መኝታ ቤት እንኳ የለውም። ጦርነቱ የሴትየዋን ጭንቅላት ነክቶታል ማለት ነው አለች በሆዷ። ማህዲ ድምፃቸውን ሰምቶ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ወጣና ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። አክስት ሲቲ አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው ሳቁ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፣ ከዚያ ሳይሰናበቱ ወደ መናኸሪያው ሄዱ። ባቄላውን ማህዲ ወሰደው።

ምሳ ላይ ሦስቱም ከአንድ ትሪ ቀረቡ፤ ሽሮ ነው፣ ቃሪያው ከሽሮው ይበዛል። ረቢያ የሽምግልናውን ነገር አነሳች። አባቷ ደስ አላቸው። ሽማግሌ ፊት አፋቸው እንደማያንስ፣ ደግሞም የዘማች ቤተሰብ በአሥር ብር ፊልም እንደማይከሰስ ተናገሩ። ማህዲ መዳፉን ላሰ። «ትመጣለህ?» አለችው። «እንጃ» አለ። አባትና ልጅ ከጦርነቱ ወዲህ በትሪው ላይ ተያይተው አያውቁም፤ አንዱ ሲቆርስ አንዱ ይጠብቃል፣ ቃሪያዋን እንኳ በምልክት ነው የሚቀባበሏት። ረቢያ ይህን ትሪ በሁለት እጇ አንስታ ግድግዳው ላይ መወርወር አማራት። አጣጥባ ሰቀለችው።

ከአስር በኋላ መስኡዳ ሻይ ቤት ሰው ሞላ። ክስ ሲሰማ ሻይ ስለሚሸጥ መስኡዳ ተጨማሪ አግዳሚ ከጎረቤት አስመጥታለች። አያ ከበደና ሁለት ሽማግሌዎች ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ እንድሪስ በሩ አጠገብ፣ ማህዲ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። መጥቷል። ሀሚዱ የጧቱን ክስ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲደግመው ተፈቅዶለት ሁለት ጊዜ ደገመው። ረቢያ ተነሳች።

«አያ ከበደ፣ እኔ አልቆረጥኩም። ይሄ ፊልም መጀመሪያ ጌም ነው። ውጊያው ተሠርቶ የተቀመጠ አይደለም፤ የያዘው ሰው ራሱ ነው የሚዋጋው። የእኔ ጆይስቲክ ደግሞ እግርም እጅም የለውም። ንግግሩ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«ቆይ እስቲ» አሉ አያ ከበደ። «ባለቤቱ ካልተዋጋው ውጊያው የለም ነው የምትይው?»

«አዎ።»

ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ። «የኛም ነገር እንዲያው ነው እኮ። ሊያዝ ሲል ወጣን፣ ሲለቀቅ ገባን። መሃሉን ያየ ማን አለ?» ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ራሱ አፍሮ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ፍርዱ ወጣ፦ ፊልሙ አሥር ብር ተከፍሎበታል፣ ስለዚህ ውጊያ ይገባዋል። ማሽኑ ካልቻለ ተርጓሚው ይችላል፤ ባላየነው ነገር መሃል ገብቶ ማስረዳት የተርጓሚ ወጉ ነው። ማህዲ የጎደሉትን ውጊያዎች አሁን፣ እዚሁ፣ በአፉ ይሙላ። ሰዉ ከጠገበ ሰላም። ካልጠገበ ብሩ ይመለሳል፣ ፊልም መሸጡም ይቅር። ረቢያ ልትቃወም አፏን ከፈተች። ወንድሟ ከጦርነቱ ወዲህ ሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም ብትል አባቷ ይዋረዳሉ፣ ዝም ብትል ወንድሟ ይዋረዳል። ማህዲ ግን ከግድግዳው ተላቆ መጣና ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የነበረውን የመስኡዳን ማይክ አነሳ።

ረቢያ ፊልሙን ጀግናው ጫማውን የሚያስርበት ላይ አቆመችው። ማህዲ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። «ጀግናው ገባ» አለ፤ ያ ወፍራም ድምፅ የቆርቆሮውን ጣሪያ አንቀጠቀጠው። «ተኮሱበት። ተኮሰባቸው። ብዙ ሰው ሞተ። አለቀ።»

«ይሄማ የቀበሌ ሪፖርት ነው!» ሀሚዱ ብድግ አለ። «አንተ ውጊያ ያየህ ሰው አትመስልም! በል አባትህ ሲነግሩን የከረሙትን መድፍ እንኳ አምጣው!»

እንድሪስ ይህን ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ንገራቸው እንጂ ልጄ! የመድፉን ንገራቸው!»

ማህዲ አባቱን አየ። ረዥም ጊዜ አየ። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ጎንበስ ብሎ ወደቀረው ሰውዬ ዞረ።

«ጀግናው ጫማውን አሰረ» አለ። «ግን ወደ ውጊያው አልሄደም። ፈራ። ወደ አክስቱ ቤት ሄደ። አክስቱ ጥቁር ጅልባብ አለበሰችው። ፊቱ ላይም ኒቃብ አሰረችለት። ጅልባቡ እህቱ ከጅዳ ያመጣችው ነው፤ ትንሽ ያጥረው ነበር።»

ሻይ ቤቱ ፈነዳ። መስኡዳ ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ ሆዷን ያዘች፣ ሀሚዱ ጠረጴዛ ደበደበ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንባቸውን በኩታቸው ጠረጉ። ረቢያ ብቻ አልሳቀችም። ምራቴ ወፈር አለች? እጇ ምድጃ ላይ አይረባም። የአክስቷ የረፋዱ ነገር አሁን ገባት። ማህዲ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ፤ እሱም ትንሽ ፈገግ ያለ መሰላት።

«አክስቱ ታጣቂዎቹን ‹ምራቴ ናት› አለቻቸው። ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ዲዳ ናት አለች። ስለዚህ አምስት ሳምንት ዲዳ ሆነ። ሽንኩርት ላጠ፣ አሳረረ፣ ተቆጣችው። በቀን ሦስት ጊዜ ከሐይቁ ውሃ ቀዳ። አንድ ቀን ዳገቱ ላይ አንድ ታጣቂ ጀሪካኑን ተቀበለውና እስከ በር ተሸከመለት። ‹አይዞሽ እህቴ› አለው። ጀግናው አላህ ይስጥልኝ ሊለው ፈልጎ ነበር። ዲዳ ነው፣ አልቻለም።»

እንደገና ተሳቀ፣ አሁን ግን ቀስ ተብሎ። ማህዲ ማይኩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ሌላ ቀን ታጣቂዎቹ መንገድ ላይ ወንዶች ሲወስዱ አገኘ። አሰልፈዋቸዋል። ጀሪካኑን ይዞ በአጠገባቸው አለፈ። አንዱ ዑበይዱላህ ነበር። ያ ጌም የሚጨርሰው። ዓይኔን አየና አወቀኝ። ወላሂ አወቀኝ። አንድ ቃል ቢል እኔም እሰለፍ ነበር። ምንም አላለም። መሬት መሬቱን እያየ ሄደ። እኔም ምንም አላልኩም።»

ማይኩ ትንሽ ጮኸ። መስኡዳ መጥታ ድምፁን ቀነሰችው። ከዚያ በኋላ ማንም ሻዩን አልጠጣም። አያ ከበደ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ሰው ሁሉ ወለሉን አየ፣ ከወለሉ ቀስ እያለ ዓይኑ ወደ በሩ፣ ወደ እንድሪስ ሄደ። ሽማግሌው ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቀና ብሎ የከረመው ጀርባቸው ጎብጧል። ሀሚዱ ዝም ማለት አያውቅበትም፤ ሌላ የሚለው ቢያጣ እንጂ ክፋት አስቦ አይደለም፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀ፤

«አያ እንድሪስ፣ መድፉስ?»

ረቢያ አባቷ ተነስተው የሚወጡ መሰላት፣ ልጃቸውን ጥለው የሚወጡ መሰላት።

«መድፉን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ከዚያ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት። እንደ ዘማች አባት ሳይሆን፣ ከውጭ የገባ ልጁ በልቶ እንደሆነ እንደሚጠይቅ ማንኛውም አባት።

«ውሃው ሩቅ ነበር?»

ማህዲ ማይኩን የመስኡዳ ጠረጴዛ ላይ፣ ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ አስቀመጠ።

«ሩቅ ነበር አባዬ» አለ። «ዳገት ነው። ጀሪካኑ ደግሞ ክዳን አልነበረውም፤ ቤት ስደርስ ግማሹ ይፈስብኝ ነበር።»